እችላለሁ

ማክሰኞና ዓርብ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት
ሞላሌ ቀበሌ የመደበላቸው፣
እኔ ነኝ ሰዓቷ፤ ግራ እጅ የሆንኳቸው።

ባሻ አጥናፍሰገድ የሰፈሩን ካብ ሁሉ ሲክቡ ኖረው
አምና በሐምሌ
ግራ ጎናቸው ተናደባቸው።

ፂም እላጫለሁ፤ ጥፍር እቆርጣለሁ፤
ባናውን አውጥቼ ውርጭ አራግፋለሁ።
ስለ ሟች ሚስታቸው ሲያወጉኝ፣ ሰማለሁ፤
ቅጹ ቦታ የለው፣ «ልዩ ልዩ» እላለሁ።

በታኅሣሥ ከወረዳ ገምጋሚ መጣ፤
ሞተሩን አቁሞ ወረቀት አወጣ።
«ያለ ሰው ድጋፍ መቆም ይችላሉ?»
በዓይኔ ለመንኳቸው፦ አልችልም ይበሉ!
በዚች ቃል ነውና ሰዓት የሚያድሉ።

ማን ሰምቶ!
የአልጋውን ቋሚ ለቀቅ አደረጉ፤
ጭቃ እንዳልነካው ካብ፣ አጥንት ባጥንት ላይ፣
ጉልበት እየራደ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ፣
ቆሙ።
«እችላለሁ» አሉት።

እሱም ጻፈ።
ዓርብ ተሰረዘች።

ዓርብ ሌላ ቤት ነኝ፣ የሌላ ሰው ጥፍር
መቀስ ውስጥ አስገብቼ
ልቤ እዚያ ማዶ ሲዞር።

ማክሰኞ ስገባ
ቀኝ ጉንጫቸው ጥርት ብሎ ተላጭቷል፤
አገጭ ላይ ትንሽ ደም፣ ደርቋል።
ግራው እንደ ገብስ ማሳ ሸብቶ ቆየኝ።
ምላጩን በቀኝ እጃቸው አቀበሉኝ፦

«ይቺን እንኳ
ላንቺ ብዬ ነው የተውኳት።»