የቱ ይሰበር?

ከተክልዬ ቁልቁል፣ ሶማሌ ተራ ላይ፣
አክስል እንደ ታፋ ተንጠልጥሎ ሲታይ፣
ቆሜያለሁ እኔ፣ በፎጣ ጠቅልዬ
ዘጠኝ ኪሎ ስብራት እንደ ልጅ አዝዬ።
ሐምሌ ነው። ያካፋል። የቆርቆሮው ጠብታ
ግራሶ ላይ ወድቆ ይንከባለላል ላፍታ።
ከጎኔ ቶርኖ ያፏጫል፤ ማዶ አንድ ጎሚስታ
ከጎማ ምስማር ነቅሎ ይቆጥራል በእርጋታ።

ኸይረዲን ከላይኛው መደርደሪያ አወረደ፣
አቧራውን እፍ ብሎ ካርቶኑን ቀደደ።
"ፊት አክስል ካልሽ ይኼ ነው፤ ፎርጅድ ነው" አለኝ።
ሣቅሁ። ዋጋውን ነገረኝ። ሣቄም ጠፋብኝ።
"ፎርጅድ ዲግሪ አውቃለሁ፣ ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ፤
በፎርጅድ እግር ደግሞ ልግባ የገደል መንገድ?"
እሱ ግን አልሣቀም።
"ብረቱ ምን በደለ?
ቃሉን ያረከስነው እኛው ነን" እያለ
ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ ወገቡን፤
"በቅርጽ የፈሰሰ አይደለም፤ እይው መልኩን።
ከእሳት አውጥተውት ደበደቡት፤ ከተቱት፤
ደግመው አወጡትና ደግመው ደበደቡት።
እሱን ነው ፎርጅድ የሚሉት።"

ጋሽ ዘርጋው፣ መካኒኬ፣ ቃል አልወጣው እስካሁን፤
ከፎጣው ፈልቅቆ የተሰበረውን
ቁራጩ አፍ ላይ አኖረ ያንን ጎዶሎ ጣቱን።
"ተመልከቺ" አለኝ፤ "ግማሹ ዝጓል፣ ጠቁሯል፤
ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።
የሚያበራው ያን ለት የተሰበረው ነው፤
ጥቁሩ ግን ዓመት ሙሉ ሲሰበር የኖረው።
ቀጭ ቀጭ ይል ነበረ መሪ ባዞርሽ ቁጥር፤
አልሰማሽም እንጂ ይነግርሽ ነበር።"

ሰምቻለሁ።
ሰምቼ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌያለሁ።

ያን ለት ወንዙ መሃል ግራ እግሯ ሲከዳት፣
ሽማግሌዋን ላንድሮቨር ጎርፍ ወገቧን ሲያቅፋት፣
ስንዱ የክትባቱን ሣጥን ተሸክማ በራሷ
ወጣች፤ ውሃው ሲንጠባጠብ ከቀሚሷ።
በረዶው ሣጥኑ ውስጥ ውሃ ሆኖ አደረ።
ከወዲያ ማዶ የእናቶች ሰልፍ ነበረ፤
አንዷ ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየችን ከሩቁ።
እጆቿ እስካሁን ድረስ አልወረዱም፣ አልወደቁ።

"ስለዚህ" አልኩ፣ "ወፍራሙን! ሁሉንም ወፍራም ስጠኝ፤
አክስሉን፣ ክሮቼራውን፤ ከእንግዲህ አይበጠስብኝ።"

"ስብራት መች ይሞታል? ቤት ይቀይራል እንጂ።"
ጋሽ ዘርጋው ነው። "አክስሉን፣ ጥሩ፣ ፎርጅዱን ውሰጂ።
ግን ወደ ክሮቼራው ይዞራል ስብራቱ፤
እሷን ካወፈርሻት
ዲፈረንሻል ይገባል፣ ጥርስ ሊያረግፍ ከቤቱ።
ያ ደግሞ ወንዝ መሃል በምን እጅ ይፈታል?
በኪስ አይያዝ ነገር። እዚያው ያስተኛሻል።
ክሮቼራዋ ትቅጠን። እሰበራለሁ ካለች ትሰበር፤
ሁለት መለዋወጫ ያዢ ከወንበርሽ ሥር፣
ፒንሳና መዶሻ፤ ግራሶ በየወሩ።
የሚሰበረውን አንቺው ምረጪ፣ ሳይመርጥልሽ አገሩ።"

ከፈልኩ። ኸይረዲን አንድ ሺህ ቀነሰልኝ፤ ማለ፣
"ከገዛሁበት በታች ነው፣ ወላሂ" እያለ።

ዝናቡ ቆሟል። ታክሲው ጥቁር አንበሳ ሲደርስ
ረዳቱ ጭኔ ላይ ያለውን ካርቶን ሲዳስስ፣
"እናት፣ ይኼ ይከፍላል፤ የሰው ቦታ ይዟል" አለ።
ከፈልኩ፤ የሁለት ሰው። ይገባዋል፤ እግር አይደለ?

ክሮቼራዋ ግን በነፃ ነው የሄደችው፣
ጃኬቴ ኪስ ውስጥ፣ ከቁልፌ ጋር ሆና።
አራት አጭር ክንዷን በጣቴ ዳበስኩና
"መርጬሻለሁ" አልኳት።
ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም ገና።