ግራ ተረከዝ

ደብረ ሲና ላይ ነው፣ መናኸሪያው አፋፍ፣
ሸራዬን ወጥሬ፣ ከቆሎ ሻጭ ደጃፍ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ጫማ እሰፋለሁ፤
ፊት ቢጠፋኝ እንኳ፣ ሶል ግን አውቃለሁ።

መምህር እንግዳወርቅን ያወቅሁት በእግሩ ነው፤
ግራ ተረከዙ ነው፣ ቀድሞ የሚያልቀው።
ያን የቆዳ ከረጢት፣ መጽሐፍ ያሳበጠው፣
በግራ ትከሻው ነበር የሚያነግተው።

ጭቃውም ይነግረኛል፤
መረሬ ካዘለ፣ ከእነዋሪ መጥቷል፤
ክሩ ላይ የጓሳ ሣር ከተሰካ፣ መንዝ ሰንብቷል፤
የግራር እሾህ ስነቅል፣ ሸዋሮቢት ወርዷል፤
ውስጡ ከረጠበ ግን፣ ሞፈር ውኃ ሞልቶበት
እንደ ልማዱ ሳይጠብቅ፣ በእግሩ ተሻግሯል።

ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጫማውን ያወልቅና፣
አውራ ጣቱ ከካልሲው ቀዳዳ ብቅ ትልና፣
«ሐኪሜ፣ ይተርፋል?» ይለኛል።
«ለንስሐ ያበቃዋል» እለዋለሁ። ይስቃል።
ሳቁ ከእርሱ ቀድሞ ጣርማ በርን ይወጣል።

ስብከቱ አጭር ነበረ፤
«ብርድ ላይ ቆሞ የሚሰማኝ ሰው፣ ከእኔ በላይ አስተማረ»
ይል ነበረ።
አንድ ሐምሌ፣ መዘዞ ላይ፣ ማይኩ ድምፁን ዋጠበት፤
ሰማዩ አጓራ፤ ሰዉም ነጠላውን ተከናነበበት።
እጁን አነሣና «ቆዩማ፣ ታላቄ እየተናገረ ነው» አለ፤
አንገቱን ደፍቶ ቆመ፣ ውኃው በጢሙ እየዘለቀ፤
«ሰምታችኋል፣ ግቡ» አለ። ትምህርቱ በዚሁ አለቀ።

ሞላሌ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ለአንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ
መጥረቢያ ይዘው ሲጠባበቁ፣ በየአጥራቸው ጫፍ፣
ምንም አልሰበከም። ሦስት ሌሊት ታላቁ ጋ አደረ፤
ሦስት ሌሊት ታናሹ ጋ፤ በሰባተኛው ተናገረ፦
«የሁለታችሁም ቁንጫ በልቶኛል፤ ንክሻው አንድ ነው፤
ቁንጫ ያልለየውን ደም፣ እናንተ በምን ለያችሁት?» አላቸው።
መጀመሪያ የሳቀው ታላቁ ነበር ይባላል፤
ባሕር ዛፉም ዛሬ፣ የታናሹ ልጅ ቤት ማገር ሆኗል።

ቁጡም ነበረ ደግሞ፤ ለምን እዋሻለሁ?
ጠላ ሻጯን የሺመቤትን፣ ገበያ መሐል
ሲዘልፋት ሰምቻለሁ።
በዓመቱ፣ በዚያው ቅዳሜ፣ እዚያው ገበያ ተመለሰ፤
«ያዋረድኩሽ በአደባባይ ነው» ብሎ፣ ጉልበቱን መሬት አደረሰ።
«ተነሥ እንጂ፣ ጭቃ ነው» ብላ፣ እጇን ዘረጋችለት፤
የጉልበቱን ጭቃ፣ እኔ ነኝ ያራገፍኩለት።

መስከረም ላይ ይህን ጫማ እኔ ጋ ጥሎ ሄደ፤
«ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ» ብሎ፣ በበረባሶ ቁልቁል ወረደ።
ኅዳር በገባ በሦስተኛው፣ ረዳቱ ከቅጥቅጡ በር ተንጠልጥሎ
«ጋሽ ደስይበለው፣ ያ መምህርህ አረፈ» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ።

አረፈ።
ስንቱን ሰው ስንለው፣ ቃሉ ዝም ብሎ አለፈ።
ለካ ለማረፍም፣ መሄድ ይቀድማል፤
ተቀምጦ የኖረ፣ ከምኑ ያርፋል?

ሰላ ድንጋይ ቀበርነው። እኔ ከኋላ ቆሜ
ካህናቱ ሲያዜሙ፣ አቀርቅሬ እንደ ዓመሌ፣
የሰዉን እግር አየሁ፤
የእነዋሪን መረሬ፣ የቀወትን አሸዋ አየሁ፤
የጓሳ ሣር አየሁ፣ ካልሲ ላይ ተጣብቆ፤
የየሺመቤትን ነጠላ ጫማ፣ ባንድ በኩል አልቆ።
እሱ የረገጠው መንገድ፣ ዛሬ በተራው መጥቶ
ቆሟል በእሱ ደጅ፣ ጭቃውን ሳያራግፍ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጫማው መደርደሪያዬ ላይ ነው።
ደቀ መዝሙሩ ለክቶት፣ ሰፍቶበት ተወው።
ልሸጠው አልሞከርኩም፤ አቧራ ሲይዝ እወለውለዋለሁ።
አርባ ብር ዕዳ አለበት፤ ይኑርበት እላለሁ።
ብቻ አንዳንድ ማታ፣ ጣርማ በር በጉም ሲታፈን፣
ወስፌዬን ሰክቼ፣ ዕቃዬን በሸራ ስሸፍን፣
እጄ ሳላዘው ሄዶ ይደባብሰዋል።
ድርብ ጎማ ገጥሜበት ነበር፣ ዘንድሮስ ቀድሞ እንዳያልቅበት፣
ግራ ተረከዙን።