ዘጠኝ ቁጥር

ኔሪስ ቅጹን ስትሞላ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣
ትምህርት ቤት አልመረጠችም፤
ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስን ነው፣ የሚመልስ ወደ ቤቷ።
አባቷ፣ ከሰል የተወለትን እፍኝ ሳንባውን
ማታ ማታ ሲጎትት፣ ማን ይደግፍ ጀርባውን?

ሩፐርት በጥንቱ ግቢ፣ ገና ሳይደርቅ ቀለሙ
የመግቢያ ደብዳቤው፣ ታተመ በጥናት ስሙ።
ፕሮፌሰሩ ሻይ ሲጠጡ «ና፣ ቁጭ በል» ይሉታል፤
በር መኖሩን ሳያውቅ፣ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ካርዲፍ፣ ለተመራማሪ ሐኪም ፈተና፣
ሦስቱ ዳኞች ጠየቋት፦ «ስንት አሳተምሽ?» በትህትና።
«አንድም።»

ኪሷ ውስጥ፣ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ፣
ሌሊት ተረኛ ሳለች የጻፈችው አለ፦
ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ የተወለዱት ልጆች
ስለምን ያስላሉ?

ይህን ማንም አልጠየቃትም።
ዘጠኝ ቁጥር መጣ። ተሳፈረች፤
የምትደግፈው ጀርባ ባይኖርም።