አምስት ወይስ ስድስት

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ከጅሬን የወረደ ጭጋግ መስኮታችን ላይ ሲያንዣብብ፣
አባዝናብን ይዘው ገቡ፤
ላስቲክ አልብሰው፣ አራት ሆነው፣ ቃሬዛውን እንደከበቡ።
ለምን አራት ሰው እንዳስፈለገ አላውቅም፤
አንድ ልጅ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው አይከብዱም።

ልጃቸው ዘቢባ፣ ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ፣
መዳፏ ውስጥ የአባቷ መነጽር፣ አንድ ክንዱ በክር ተተክቶ፣
«ሰባ ዘጠኝ» አለች መጀመሪያ፤ ትንሽ ቆይታ «ሰማንያ ሁለት»፤
እነሱ ቤት ዕድሜ የሚቆጠረው
አዌቱ በሞላበት፣ ትልቁ ዋንዛ በወደቀበት።

ቅጹ ግን ቁጥር ይላል።
ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነው፤ አንድ የሚሮጥ፣ ዘጠኝ አፈር የሸተተው።

«ሳይታመሙ በፊት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣
ብቻቸውን ይታጠባሉ? ይራመዳሉ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ረዳት?
መስጊድ ድረስ ይሄዳሉ? ዳገቱን ይወጣሉ?»
አየችኝ፤
«በርጩማ ይጠርባሉ።»

«እሱን አይደለም፣ የኔ እህት...»
«ካንድ ግንድ ነው የሚያወጡት፤ ሦስት እግር፣ ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ።
ባለ አራቱ ደልዳላ ይመርጣል ይላሉ፤ ባለ ሦስቱ ግን
ጎርባጣም ላይ አይንገዳገድም፤ የትም ቢጥሉት እንደተተከለ።»

ይህን በየትኛው ሳጥን ልጻፈው?

የቀረን አንድ ማሽን ነው። ሐኪሙ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣
ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጠ፣ ግድግዳውን ትራስ ብሎ፣
«ሲስተር፣ አምስት ወይስ ስድስት?» አለኝ።
በእርሳስ የጻፍኩት ስድስት ነበር።
«አምስት» አልኩት።
ላጲስ አልነበረኝም። አውራ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ፈተግኩት።

በሁለተኛው አልጋ ተማም ተኝቷል፤ የሂርማታ ተሸካሚ፣
ስድሳ ስድስት ዓመቱ፤ ኩንታል እንደ ሕፃን ሲያቅፍ የኖረ ጎበዝ ነበር፤
ቅጹ ላይ ሁለት ነው፤ እግሩ ከአልጋው ተርፎ አየር ላይ ያድር።
አራተኛው ቀን ሳይነጋ ሄደ።
ወንድሙ አንሶላውን ገልጦ ነካውና
«ይሄ?» አለ፤ «ይሄ ትከሻ?»

አባዝናብ ሰነበቱ። አሥራ አንድ ሌሊት።
በየሁለት ሰዓቱ ስናገላብጣቸው ጀርባቸው ወረቀት፣
ሰመመን ውስጥ ሆነው ጣታቸው ግን ይፈልጣል፣ ይፍቃል፣
የአልጋውን ብረት ይዳብሳል፤ የእንጨት ጅማት የሚፈልግ ይመስላል።
ቱቦውን እንዳይነቅሉ እጃቸውን በፋሻ ያሰርኩት እኔ ነኝ።
ዘቢባ በመስታወቱ አይታ ዝም አለችኝ።

መዝገቡ ላይ «ተርፈዋል» ተብሎ ተጻፈ።
መትረፍ! ቋንቋችን አንዳንዴ ቀልድ ያበዛል፤
ጨርቅ ሲተርፍ ልብስ ሰፊ ያውቃል፤
ሰው ሲተርፍ ግን ምኑ ይተርፋል?

ኅዳር ላይ ዘቢባ መጣች፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ።
«ውሃ ራሳቸው አይቀዱም» አለች፤ «ስሜን በእናቴ ስም ይለውጡታል።
ሌሊት ያ ማሽን ይጮኽባቸዋል፤ ተነስተው
'በሩን ክፈቱለት' ይላሉ።
ይህን ግን ጠርበዋል። ሁለቱን እግር አድርሰው
ሦስተኛው ላይ ክንዳቸው ዛለ፤ አጠረ።
ልጄ 'ልጨርስልዎ' ቢላቸው 'ተው' አሉት፤
'ለዚያች ልጅ ነው፤ እንዲሁ ይሂድ።'»

ተረኛ ስሆን እቀመጥበታለሁ፣ ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ አጠገብ።
መጀመሪያ ባዶ ቅጽ አጥፌ ከአጭሩ እግር ሥር ላስገባ ነበር፤
ተውኩት።
እውነታቸውን ነው፤ አይንገዳገድም።
ዘመም ብሎ ይቆማል።
እኔም ዘመም ብዬ እጽፋለሁ።