ስድስት ቁጥር

ነሐሴ ነው፤ ሒርማታ፤ ጣራዬን ዝናብ ይደልቃል፤
ስልኬ ለፍሳሽ ከደቀንኩት ባልዲ ገብቶ፣
ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ቢቀበርም፣ አልቋል።
(ሳቁ። ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ፤ ሱቄ ያፈሳል።)

አዲሱን በዱቤ ወሰድኩ፤ ዱቤ ሰጪው እኔ፣ ዛሬ ለምኜ፤
አጂፕ፣ ሚፍታ ዘንድ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፣ ተከሳሽ ሆኜ።

«ባክአፕ አለህ?» «አለኝ!» አልኩት፣ ደረቴ እንደተነፋ ጎማ፤
«እንግዲያ ታገሥ፤ ኔትወርክ ከክረምት ጋር አይስማማ።»
ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤ ሠላሳ በመቶ፤ ሰባ፤ ዘጠና ዘጠኝ፤
እዚያ ላይ ሻይ ጠጥተን ሌላ አዘዝን፤ ከዚያ «ተጠናቀቀ» አለኝ።

መጣ የማላውቀው ሰው ሰርግ፤ መጣ የአምና የመብራት ቢል፤
መጣ የድሮ ማንቂያ ደወል፣ «ጂሬን፣ ለቅሶ» የሚል፤
የኔም ዕዳ መጣ፦ ለአስመጪው ለሀምዱ፣ ስምንት ሺህ አራት መቶ፣
ደረሰኙ በፎቶ፣ ከነማኅተሙ ጎልቶ።

የሰው ዕዳ ግን የለም።
ማን ስንት ኪሎ ሚስማር፣ ማን ስንት ቅጠል ቆርቆሮ፣
ማን ለአረፋ፣ ማን ለመስቀል፣ ማን በእናቱ ምሎ፣ አምርሮ፤
ነጭ ገጽ።

ሚፍታ አልደነገጠም። ዓይኑን ሳያነሳ እንደ ሐኪም ጠየቀ።
«ባክአፑ የመቼ ነው?» የሐምሌ ሁለት።
«ሜሞሪ ካርዱስ?» ባዶ።
«ሲሙ ላይስ?» ሲም ላይ ስም እንጂ ዕዳ አይጻፍ።
«ማስታወሻህ በየትኛው አካውንት ነበር?»
ዝም አልኩ።
ዝናቡ ዝም አላለም።

ያን አካውንት የከፈተችልኝ ረውዳ ናት፣ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፤
ጣቴ ወፍራም ነው፤ ፊደል በሳትኩ ቁጥር እየሳቀች፣
እጄን ይዛ ታስመታኝ ነበር።
የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ። ኮዱ የሚላከው ወደሷ ስልክ ነው።
እሷ ቦንጋ ናት። ከተለያየን አራተኛ ክረምታችን ነው።

ደወልኩ። ሦስቴ ጠራ፤ አራቴ።
«ሄሎ።» ከጀርባዋ ዝናብ፤ ያው የኛው ዝናብ።
«ኮድ ይመጣልሻል» አልኩ፤ ደህና ነሽ ወይ ሳልል።
ሚፍታ ገመድ ሲጠቀልል ያልሰማ መሰለ።
«ቆይ፣ መነጽሬን...»
መነጽር? መቼ ጀመረች?
«አራት። ዜሮ። ሰባት። ሰባት። ሁለት። ዘጠኝ።»
ሳልጠይቃት ደገመችው፣ ቀስ ብላ፤ ጣቴን ታውቀዋለች።
«ገባልህ?»
«ገባ።»
«እሺ።»

ዝርዝሩ ወረደ። ሸምሱ አናጢ፣ ስድስት ኪሎ ሚስማር።
የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ማጠፊያ፣ አራት።
አባ ዲጋ፣ ዐሥር ቅጠል። (እሱን አምና ቀብረነዋል፤
ስሙን ግን እስካሁን አልሰረዝኩም።)
ግርጌው ላይ፣ በኔው የፊደል ግድፈት፣
መቼ እንደጻፍኩት የማላስታውሰው፦
«የረውዳ ማድቤት፣ የሚያፈሰው ጥግ፣ ሁለት ቅጠል፤ ሳይዘንብ»
ቀን የለውም።

«ሙሉ ነው?» አለ ሚፍታ፤ «የጎደለ ካለ እንየው።»
ሒሳቤ ስንት ነው፣ አልኩት።