ምኑ ነሽ?

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ማናማ ከወዲሁ ይፋጃል፤
ኩንጁሞን አሮጌ ኒሳኑን አቁሞ ጡሩንባ ይነፋል።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ደብተሬ በጉልበቴ፤
ስድስት ቀን የሰው ምንጣፍ እጠርጋለሁ፣ ይቺ ናት ዕረፍቴ።
ደሞዝ የለው ይሄ ሥራ፣ ካባ የለው፣ ማኅተም፤
እኔንም፣ ጡረተኛውን ሹፌርም፣ ጠበቃ ብሎ የሚጠራን የለም።

አያቴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ወረኢሉ፣ ከዋርካው ሥር፣
ከዘራ ወዝውዘው «በላ ልበልሃ!» ሲሉ ዳኛ ይደነግጥ ነበር።
ለኔ የደረሰኝ ከማድ ቤት የለቀምኩት ዐረብኛ፣
«አምጪ»ና «ውሰጂ» የበዛበት፤
«ፍትሕ» የሚለውን ቃል ዘንድሮ ነው የሰማሁት።

ፋይሉ ቀጭን ነው። ሕፃን፣ ወንድ፣ ሦስት ዓመት ገደማ፤
አባት፦ ያልታወቀ። እናት፦ ወደ አገሯ የተሸኘች፣ ወሬዋ ያልተሰማ።
ስም በሚለው መስመር ላይ አንዲት የእስክሪብቶ ነጥብ፣
ጸሐፊው ጀምሮ የተወው፣
ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሆናል።

ይትባረክ ይባላል።
ማሪሴል ናት የነገረችኝ፣ ጉደይቢያ፣ በመጋረጃ የምትለያት ጎረቤት፤
እናቱ አስረበብ ለጽዳት ስትወጣ አደራ የምትላት፣
ፖሊስ የያዛት ማታ ልጁ በእቅፏ የቀረባት።
ውሃ ሲጠማው «ቱቢግ» ይላል፣ በማሪሴል አፍ።
ከአማርኛ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፦ «ቆይ»።
በሩን ስትዘጋ፣ መዳፏን ከፍ አድርጋ፣
«ቆይ፣ መጣሁ» ትለው ነበር።
«መጣሁ»ን አልያዘም።

የምንለምነው አንዲት ወረቀት ነው፤
ስሙ የተጻፈባት፣ አውሮፕላን የምታሳፍረው።
መጋቢት ላይ ዳኛው ፈቃድ ወጡ። ቆይ።
ሚያዝያ፣ የቆንስላው ደብዳቤ ማኅተሙ ፈዟል። ቆይ።
ከዚያ ጾም ገባ፣ ከዚያ ዒድ፣
ከዚያ የልጁ እግር ሁለት ቁጥር አደገ፤
ፋይሉ ባለበት።

ደብተሬ ውስጥ ያለው ለሕግ አይመችም፦
መብራት ከጠፋ አይተኛም። ኤሲ ሲጮህ ጆሮውን ይይዛል።
ሙዝ ይወዳል፣ ራሱ ካልላጠው ግን አይቀምስም።
መንጋጋ አብቅሏል፣ ከላይ በግራ።
አስረበብን በስልክ አገኘናት፣ ደጀን፤ ድምጿ ይቆራረጣል፤
ብዙ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ
«ፀጉሩን ማን ይቆርጠዋል?» ብቻ አለች።
ይሄንንም ጻፍኩት።

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ምኑ ነሽ?»

አክስቱ አይደለሁም። እናቱን በዓይኔ አላየኋት።
እኔ ሻሽ አጥብቄ፣ እሱ ጥቁር ማዕተብ አንገቱ ላይ።
«አውቀዋለሁ» አልኩ።
ተርጓሚው ተቸገረ፤ «ዘመድ ነሽ? ወይስ ምስክር?»
«አይደለሁም። አውቀዋለሁ።»

ደብተሩን ተቀበሉኝ፤ ፊደሉን ዘቅዝቀው ይዘው
እንዳነበበ ሰው ገለጡት፣
«ይተርጎምና ለሚመጣው ወር ይቅረብ» አሉ፣
ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

ይትባረክ ቀሚሴን ለቀቀ።
አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ፣
ትንሿን መዳፉን ከፍ አድርጎ፣
«ቆይ» አለ።

ተርጓሚው ወደኔ ዞረ። ምን ብዬ ላስረዳው!
ዳኛው ግማሽ ተነሥተው፣ ግማሽ እንደተቀመጡ፣
ቆዩ።