የጠመኔ ጭረት

በእኛ ሰፈር፣ ሌይ ወንዝ ዳር፣ እሑድ ጠዋት ሰው አያወራም፤
ከወፍ በቀር የሚሰማ የለም።
በየእንጨት ሣጥኑ አንድ ፊንች፣ ከየሣጥኑ ፊት አንድ ሽማግሌ፣
በእጁ ረጅም ጥቁር ዱላ፣ በጣቶቹ መሐል ጠመኔ።
ወፉ ዜማውን እስከ ጭራው ሲያደርስ፣ አንድ ጭረት፤
ጭራው ከጎደለ፣ ምንም። ሕጉ ነው፣ የአያት የቅድመ አያት።

የኔው ኮሎኔል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ጎደሊቭ ናት፣
ደረቱን ሲነፋ አይታ፣ "ለዚህስ ሻምበልነት ያንሰዋል" ብላ ስቃበት።
አምና በሰኔ፣ በአንድ ሰዓት፣ አራት መቶ ስድስት አስጫረኝ፤
ዱላው ነጣ፣ ክንዴ ዛለ፣
ቢራውን ማን እንደከፈለ እንጃ፣ ብቻ ደግፈው ቤት አስገቡኝ።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ ተልባውን እየለቀመ ሳለ፣
አንገቱ ወደ ኋላ ዞረ፤ ከመቆሚያው ተንሸራቶ ወደቀ።
ክንፉ ተዘረጋ፣ እግሩ አየር ጨበጠ፣
አርባ ዓመት እንዳገለገልኩት የሽመና ማሽን
ክር በጥሶ ማንም እንዳላቆመው፣ ተንቀጠቀጠ።
እኔም አፈፍ አድርጌ ያዝኩት።
ሰው የሚወደው ሲወድቅ ከመያዝ ሌላ ምን ያውቃል?
በመዳፌ ውስጥ ባሰበት።

"የሚጥል በሽታ ነው" አለች ሐኪሟ።
የሚጥል! ስም አውጪው የሚያነሳውን ምነው ዘነጋ?
"ከምን መጣ?" ብላት፣ መነጽሯን አወለቀች፤
"በሃያ ግራም ውስጥ ምክንያት መፈለግ ከባድ ነው" አለች፣
ጠብታ ሰጠችኝ፣ ሒሳቧን ተቀበለች።

የማኅበሩ ሰዎች አንገት ሲጠመዘዝ በጣታቸው አሳዩኝ፤
"አሳርፈው፣ ሌላ ግዛ" አሉኝ።
ጎደሊቭ በሩን ዘጋችባቸው።

አኪል ግን መጣ። ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈን ነበር፣
በአንዲት ጭረት።
ወፉ ጭራው የጎደለ ዜማ አሰማ፤ እሱ "ይቆጠር" አለ፤
ዳኛው እኔ ነበርኩ፣ "አይቆጠርም" አልኩት።
በሦስት መቶ አሥራ ሁለትና በሦስት መቶ አሥራ ሦስት መሐል
ዘጠኝ ክረምት ገባበት።

ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆመ። "ሰማሁ" አለ።
ያን ጊዜ ኮሎኔል ወደቀ።
እጄን ስሰድ አንጓዬን ያዘኝ፤ "ተው፣ አትንካው፤
መጋረጃውን ሳበው፤ መቆሚያውን አውጣ፤ ፎጣ አንጥፍለት፤
ከዚያ ቁጠርለት እንጂ አትጥራው።"
"ምን ልቁጠር?"
"ሰከንድ።"
ከበሩ ኋላ ዱላዬን አንስቶ፣ በጨለማው ውስጥ፣ በጠመኔ፣
ጫረ፣ ጫረ፣ ሠላሳ ስምንት ጊዜ።
ወፉ ተነሣ። ምንቃሩን በፎጣው ጠረገ፣
የወደቅነው እኛ ይመስል ገረመመን።

"ማን አስተማረህ?"
"ሮዘሊንደ" አለኝ።
ልጁ። ቢስክሌት ነድታ የማታውቀዋ፣ ከጭፈራ የምትቀረዋ፣
"ኩራተኛ" ብለን ያማናት።
ከመንገዱ ማዶ፣ መጋረጃው በቀን በሚዘጋው ቤት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሲቆጥርላት፣
እኛ ደጅ ተቀምጠን ወፍ ቆጠርን።

አሁን መቆሚያው ከወለሉ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ይላል፤
የውኃው ዕቃ የጠርሙስ ክዳን ሆኗል፤
ጠብታው ጠዋትና ማታ፤
ቀኑና ሰዓቱ ወጥ ቤት ቀን መቁጠሪያው ላይ፣ በጎደሊቭ እርሳስ።
አንዳንድ ሳምንት ምንም። አንዳንድ ሌሊት ሁለቴ።
ለመድኩት ማለት አልችልም። መቁጠሩን ለመድኩ።

ዛሬ እሑድ ነው። ከውጭ ዜማው ይንቆረቆራል፤
አኪል እኔ ዘንድ ተቀምጧል፣ ዱላው ጉልበቱ ላይ።
ኮሎኔል ጉሮሮውን ነፋ። ጀመረ።
ወጣ፣ ወጣ፣ ጭራው ላይ ሲደርስ ተወው።
አኪል አየኝ።
"ሕጉ አይፈቅድም" አልኩት፣
ጠመኔውንም አቀበልኩት።